የአገዳ ገና

ገና ሊደርስ ሰሞን፣ ክፍሌ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ልጆች «ገና ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አዲስ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ልጆቹ ምን እንደሚያውቁ መጠየቅ ልማዴ ነው። ከሚያውቁት ተነስቶ ወደማያውቁት መሄድ ይቀላል። ፊት ለፊት የተቀመጠው የጎረቤቴ ልጅ እጁን አወጣ። ስድስት ዓመቱ ነው። ድንበሩን የተሻገረው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ስለሆነ አገሩን አያስታውስም።

«ቀይ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ነው» አለ። «ጢሙ ነጭ ነው። በረዶ ላይ ይሄዳል።»

«የት አየኸው?»

«ስልክ ላይ።»

«እኛስ ገና አለን?»

ትንሽ አሰበና በአረብኛ «ማፊ» አለ። የለም ማለቱ ነው። ሌሎቹም ቃሉን ተቀብለው «ማፊ! ማፊ!» እያሉ ሳቁ።

እኔን ግን አላሳቀኝም። ቤት፣ እርሻ፣ ከብት፣ ብዙ ነገር ጥለን ነው ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወዳለው የስደተኞች ካምፕ የመጣነው። ያን ሁሉ ያስጣለን ጦርነቱ ነው። ገናን ግን ማንም አልቀማንም፤ እኛው ዝም ብለን ከልጆቻችን እጅ እያስወጣነው ነበር። የዚያን ዕለት ቆረጥኩ። እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ገናን በስልክ አያዩትም፤ ይጫወቱታል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደ ልጁ እናት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ የራሽን ምስር እየለቀመች አገኘኋት።

«እቴ፣ የዘንድሮን ገና ለልጆች እናድርግላቸው» አልኳት።

«በምን አቅማችን? ጾሙን እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ጾመነዋል። የጠፋን ፍስኩ ነው።»

«ብዙ ነገር አይፈልግም። አንድ ዳቦ፣ አንድ ሩር...»

«አንቺ ደግሞ፣ አስተማሪ ሆነሽ ነገር አይጠፋሽም!» ሰፌዱን ነቀነቀችው። «አባቱ ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ እንደወጣ ጦርነቱ መጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ባሏ የጠፋባት ሴት ዳቦ ደፍታ ስትስቅ ሰው ምን ይላል?»

«ልጅሽ ዛሬ በክፍል ውስጥ ገና የለንም አለ።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «ማን? ይኼ?»

«ይኼው።»

«አባቱ እኮ ሩር ሲመታ በሰፈሩ የሚስተካከለው አልነበረም!»

«ነግረሽው ታውቂያለሽ?»

ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ስለ ባሏ መናገር ካቆመች ቆይታለች። ስሙን ካነሳች የሞተ መሆኑን ያመነች ይመስላታል፤ ይህን አንድ ቀን ራሷ ነግራኛለች። ተነስቼ ልሄድ ስል ግን ጠራችኝ።

«ይጫወት። ዘበኛው ልጄን ቢነካብኝ ግን ካንቺ ራስ አልወርድም።»

ዘበኛውን ያነሳችው በምክንያት ነው። በካምፓችን ዱላ ይዞ መሰብሰብ ክልክል ነው። በክረምት ጎረምሶች በውኃ ወረፋ ተጣልተው ስለተፈነካከቱ የወጣ ክልከላ ነው፤ መነሻው ይገባኛል። ነገር ግን ገና ያለ ዱላ አይሆንም። ላላየው ሰው ላስረዳ። ሩር የምንላት ክብ ነገር መሬት ላይ ትቀመጣለች። ሁለት ወገን ተሰልፎ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ እየመታ ወደ ሌላው ወገን ድንበር ይነዳታል። የጨዋታው ትልቁ ሕግ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ነው። በዚያ ቀን ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ቂም አይያዝበትም።

ዱላውን ከየት እናምጣ? በአካባቢያችን የነበረው ዛፍ ለማገዶ አልቋል። የቀረው እስከ ዶካ መንገድ ድረስ የተዘረጋው፣ ዛላው ታጭዶ አገዳው ብቻ የቀረበት የማሽላ እርሻ ነው። እኔ የመተማ ቆላ ልጅ ስለሆንኩ መላው አልጠፋኝም። ቀጥ ብሎ የቆመ አገዳ ለገና አይሆንም። ገና በእሸትነቱ ነፋስ ያጋደመው አገዳ ግን እንደገና ቀና ለማለት ሲታገል ሥሩ አጠገብ ይቆለመማል፤ እንደዚያው ይደርቃል። እሱን ከነሥሩ መንቀል ነው። ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈር፣ አጥብቆ ስለሚይዘው ወዲያና ወዲህ ወዝወዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ሥሩ ሲጸዳ ለልጅ እጅ የሚመጥን የገና ዱላ ይወጣዋል። ቀላል ነው፣ ቅልጥም አይሰብርም።

ሩሯን ጫማ የሚጠግኑ ጎረቤታችን ሰፉልን። ወጣት ሳሉ ሱዳን ገብተው፣ ብዙ ዘመን ኡም ጋርጉር በሚባል የስደተኞች ካምፕ ኖረው ወደ እኛ የመጡ አዛውንት ናቸው። አሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከዱቄት ማዳበሪያ በቀደዱት ጨርቅ ሸፍነው፣ በጫማ ክር አጠበቋት። ሴቶቹ ልጆችም እንደሚጫወቱ ስነግራቸው መርፌያቸውን አቆሙ።

«ሴት ገና ስትመታ የት አገር ታይቷል?»

«እዚህ አገር ይታያል፣ አባባ።»

«ጉድ ነው! ዘንድሮስ ዳቦውን እኔ ልጋግር ነዋ!»

«ሊጡን ቶሎ ያቡኩት፤ እንዳይዘገይ።»

እየሳቁ ስፌታቸውን ቀጠሉ።

በገና ዕለት ከዳሱ ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዳቦው ደርሶ ነበር። ከማሽላ ዱቄት ከትንሽ ስንዴ ጋር የተጋገረ ስለሆነ አልተነፋም፤ ልጆቹ ግን ከንፈራቸውን እየላሱ ጨረሱት። ጎረቤቴ፣ የልጁ እናት፣ እንደ ሐዘንተኛ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ልጆቹን በሁለት ወገን አሰለፍኳቸው፣ ሕጉን አስረዳኋቸው፣ ድንበሩን በአመድ አሰመርኩ። ሩሯን ጥዬ ገና ዞር ሳልል ያስረዳሁት ሁሉ ተረሳ። ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ተንጋጋ። አንዷ ልጅ የአዛውንቱን ቅልጥም መትታ «አይቆጡም ጌታ!» ብላ ሸሸች።

«አልተቆጣሁም፣ አንካሳ ሆንኩ እንጂ!» አሉ እግራቸውን እያሻሹ።

በዚህ መሃል ዘበኛው መጣ።

«ያ ኡስታዛ፣ አንቺ መምህርት! ዱላ መምኑዕ መሆኑን አታውቂም?»

«ዱላ አይደለም፤ የማሽላ አገዳ ነው» አልኩት በአረብኛ። «የልጆች ዒድ ነው።»

«ዒድም ቢሆን መምኑዕ፣ ክልክል ነው!»

ክፉ ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ያም ሆኖ አገዳውን ከእያንዳንዱ ልጅ እጅ እየፈለቀቀ ሰበሰበ። የጎረቤቴ ልጅ አላለቀሰም። ባዶ መዳፉን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ።

«ማፊ» አለ።

ያን ያህል የደከምኩበት ትምህርት በአንድ ቃል ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ያኔ እናቱ ተነሳች። ነጠላዋን አደገደገች፣ ዘበኛውን ሳታየው አልፋ እርሻው ውስጥ ገባች። አንድ የተጋደመ አገዳ መርጣ ወዘወዘችው፤ ዋልካው እምቢ አላት። ደግማ ስትስበው ከነሥሩ ተነቀለ። ሥሩን በጉልበቷ ላይ አራግፋ ለልጇ ሰጠችው።

«እንካ! ምታ!»

ዘበኛው መጥቶ ያንንም ወሰደ። እሷ ሌላ ነቀለች። ይህን ጊዜ ልጆቹ ሁሉ ወደ እርሻው ሮጡ፤ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ተከተልኩ። እሱ አንዱን ሲወስድ እኛ ሌላ እንነቅላለን። እርሻው ሰፊ ነው። በመጨረሻ እቅፉ ሞልቶ መንገዱን ማየት እስኪያቅተው ድረስ ተሸከመ።

«ለአህያህ ነው?» አሉት አዛውንቱ ጥርት ባለ የሱዳን አረብኛ።

ተመልካቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ዘበኛው ሸክሙን መሬት ላይ ወረወረው። ልብሱን አራገፈና «እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ብቻ! ከዚያ በኋላ ኸላስ!» ብሎ ሄደ። እንደፈቀደልን መቁጠሩ ነው። ፈቃድ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ጨዋታው እንደገና ተጀመረ። የጎረቤቴ ልጅ ሩሯን ደጋግሞ ሳታት። እናቱ አሁን ጥግ ላይ አልነበረችም፤ የአመዱ መስመር ላይ ቆማ ትጮሃለች።

«በግራህ! በግራህ ያዘው! አባትህ በግራ ነው የሚመታ!»

ልጁ ቆም ብሎ አያት። ስለ አባቱ ስትናገር ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አገዳውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና መታ። ሩሯ አቧራ እያስነሳች መስመሩን አለፈች።

ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ሲጀመር ልጁ አገዳውን ይዞ መጣ። ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ሰቀልኩለት። በኋላ ዘበኛው በደጃፉ ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ አየው።

«ያ ኡስታዛ፣ ያ ዱላ አይደለም?»

«የትምህርት መርጃ ነው» አልኩት።

«ለየትኛው ትምህርት?»

አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝ። «ለገና!» አለው። «አባቴ በግራ ነው የሚመታው።»