ችፌው ወደ ሳንባ ገባ?

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከቢቸና ደውላ የሕፃን ልጇ ክንድ በችፌ መቅላቱን ነገረችኝ። «ሐኪሙ ቅባት አዞለት ነበር፤ ጎረቤቶቼ ግን አትቀቢው፣ ችፌው ወደ ውስጥ ይገባል አሉኝ» አለች። ፈገግ አልኩ። ይህንኑ ቃል በወጣትነቴ ሞጣ ላይ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ በትውልድ ከተማዬ በቢቸና የተመደብኩ አዲስ ነርስ ነበርኩ። ሰሎሞን የሚባል ወጣት የሕፃናት ሐኪም፣ ችፌ፣ የአፍንጫ አለርጂና አስም በልጆች ላይ እንዴት እንደሚዛመዱ ከሕክምና ካርዶች ለማጥናት ፈቃድ አግኝቶ አጋዥ አደረገኝ። የቢቸናውን ጨርሰን ወደ ሞጣ የሄድነው ክረምቱ ወጥቶ፣ ጤፉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ነው። መንገዱ ወገብ ይቆርጣል። እኔ ግን ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ የእርጥብ ሣር ሽታ በመስኮት እየገባልኝ፣ ጉዞውን ወደድኩት። ወጣትነት ለካ ወገብ አያውቅም!

በማግስቱ ዘሃራ የምትባል የነጋዴ ሚስት ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው መጣች። ትልቋ ሰሚራ አስም አለባት። ሕፃኑ ደግሞ ጉንጩ በችፌ ቆስሎ፣ እየቧጨረ ያለቅሳል።

«ቅባት አልተሰጠሽም?» አልኳት።

«ተሰጥቶኛል፤ አማቴ ከለከሉኝ እንጂ» አለች አቀርቅራ። «ሰሚራም ሕፃን ሳለች ችፌ ነበረባት። ቀብቼ አደረቅሁላት፤ ከዚያ አስሙ መጣ። ‹ችፌውን አባረሽ ሳንባዋ ውስጥ ከተትሽው› ይሉኛል። እውነት እኔ ነኝ እንዴ ያሳመምኳት፣ ሲስተር?»

ዞር ብዬ ዶክተሩን አየሁት። እኔም ያደግሁት ይህንኑ እየሰማሁ ነው። ዶክተሩ ጥያቄዋን አልናቀውም። «ካርዶቹን እንጠይቃቸዋ!» አለ።

በካርዶቹ ላይ ያለውን የልጆች ስም ሸፍነን፣ ችፌ ከነበረባቸው መካከል የተቀቡትንና ያልተቀቡትን ለየን። ብዙዎቹ ከፍ ሲሉ ማስነጠስ፣ አንዳንዶቹም በውቂያ ሰሞን፣ እብቁ ሲቦን፣ አስም ይዟቸዋል። ያልተቀቡትም እንደተቀቡት ታመዋል። ከችፌው በቀር ምንም ያላገኛቸውም ነበሩ። «ካርድ ሁሉን አይናገርም» አለ ዶክተሩ፤ «ቅባቱን የሚያስወነጅል ነገር ግን አላየሁም።»

ዘሃራ ይህንኑ ለአማቷ እንድንነግርላት ቤቷ ወሰደችን። አማቷ እትዬ ከዲጃ ትኩስ ዳቦ ከማር ጋር አቀረቡልን። ማሩ ጣቴን እስክልስ ድረስ ይጣፍጥ ነበር። ከዚያ «በሉ እስኪ ንገሩኝ» አሉ።

«እትዬ፣ ችፌና አስም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው» አለ ዶክተሩ። «አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል። ተከታዩ የሚመጣው ቀዳሚው ስለተባረረ አይደለም። ሕፃኑን ሳትቀቡት ብትተዉት የሚተርፈው ቁስሉ ብቻ ነው።»

እትዬ ከዲጃ የማሩን ሳህን እያዩ አቀረቀሩ። አስቆጥተናቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ይህችን ምራቴን በከንቱ ነው ያስለቀስኳት?» አሉ። ቀና ብለውም «ዘሃራ፣ ቅባቱን አምጪው» አሉ።

እጃቸውን ታጥበው፣ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ጉንጩን ራሳቸው በቀስታ ቀቡት። ዘሃራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሞጣ ሳንወጣ ቁስሉ መድረቅ ጀምሮ ነበር፤ ሰሚራም የሚሳበውን የአስም መድኃኒት አጠቃቀም ለምዳ፣ ለእኛው ታሳየን ነበር።

ያገኘነው ለሐኪሞች አዲስ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የታመመ ልጅ ባየሁ ቁጥር የእናቱንም ፊት አያለሁ።

ልጄን «ሐኪሙ እንዳዘዘው ቀቢው» አልኳት። ቀጥዬም፣ ሳትጠይቀኝ፣ «አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» አልኩ። ከስልኩ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማኝ።