ጋሼ ኢድሪስ ያጠቡት ሰሌዳ

ልጄ ሀና ሰሞኑን ክላውድ የሚሉትን ነገር ልትፈተን ተፍ ተፍ ትላለች። ከሥራ እንደገባች ላፕቶፗን በረንዳ ላይ ትዘረጋና ቃሎቹን አንድ በአንድ ታነበንባለች። "እማዬ፣ አንቺ የኔትወርክ ሰው አይደለሽ? ስሚኝና ስሳሳት አርሚኝ" ብላ ስላዘዘችኝ ማንጎ እየላጥኩ አጠገቧ እቀመጣለሁ። "ሎድ ባላንሰር፤ ጠያቂ ሲበዛ ሥራውን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍል" ትላለች፤ እኔ ልክ ነሽ ለማለት ራሴን እነቀንቃለሁ። ሌላም ትላለች፤ እነቀንቃለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ስነቀንቅ ከረምኩ። ዛሬ ግን ከቃሎቹ መሀል "ራውተር" የሚል ሲወጣ ቢላዋዬ ማንጎው ላይ ቆመ። ጋሼ ኢድሪስ ትዝ አሉኝ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከገነተ ማርያም፣ ከእህል ነጋዴው አባቴ ቤት ወጥቼ አሶሳ በታይፒስትነት ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ክልሉም እንደ እኔው ጀማሪ ነበር። ቢሯችን ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አጥሩ ቀርከሃ ሲሆን፣ ከወንበሮቹ ገሚሱ ከሌላ መሥሪያ ቤት በውሰት የመጣ ነበር። ከወረዳዎች ጋር የምንገናኘው በሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ ማለት ደግሞ ጋሼ ኢድሪስ ማለት ነበሩ።

ጋሼ ኢድሪስ ሃምሳን የተሻገሩ የበርታ ሰው ናቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወረዳውን ሊጠሩ "ኩርሙክ፣ ኩርሙክ፣ አሶሳ ነኝ" ሲሉ ድምፃቸው ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ክረምት መንገዱን በጭቃ ሲዘጋው፣ የመድኃኒት ጥያቄም፣ የአስተማሪ ዝውውርም፣ የሰው መርዶም የሚያልፈው በእሳቸው አፍ ነበር። ለመርዶ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያኔ ሁላችንም የጽሕፈት መኪናችንን እናቆማለን።

አንድ ቀን ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሬዲዮው ሊቀር ነው፣ ቢሮዎቹ በኮምፒውተር ኔትወርክ ሊያያዙ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ፈታኝ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ያለፈ በኔትወርክ ክፍሉ ይመደባል፤ ያላለፈ ደግሞ "ለችሎታው በሚመጥን ቦታ"። ለጋሼ ኢድሪስ የሚመጥናቸው ቦታ የት እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቀዋል፤ የበር ጥበቃ ነው።

ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ።

"ኡስታዝ" አሉኝ። "አንተ እንግሊዝኛ ታውቃለህ፣ እኔ አላውቅም። ማይክራፎን ከእጄ ወስደው ዱላ ሊሰጡኝ ነው። አስተምረኝ።"

ለወንድም ለሴትም "አንተ" ነበር የሚሉት፤ ለሚስታቸውም ሳይቀር። እኔ ደግሞ ገና በሃያ ሦስት ዓመቴ ኡስታዝ፣ ማለትም መምህር፣ መባሉ እንዴት እንደጣፈጠኝ አልነግራችሁም።

የነበረን መጽሐፍ አንድ ብቻ፣ እሱም ፎቶ ኮፒ ነው። ደብተር ይግዙ ብላቸው ሳቁብኝ፤ በማግስቱ እጀታ ያለው ጠፍጣፋ የእንጨት ሰሌዳ ይዘው መጡ። በልጅነታቸው ቁርአን የተማሩት እንዲህ ባለ ሰሌዳ ነው፤ ሎህ ይሉታል። "ያ ሎህ ቤት ነው፣ አይነካም። ይሄ ለመንግሥት ሥራ ጠረብኩት" አሉኝ፣ እንዳልደነግጥ ብለው። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ የተበጠበጠ፣ ብዕሩ የተቀረጸ ሸምበቆ ነው። ሕጉም እንደዚያው የልጅነታቸው ሕግ ሆነ። እኔ እተረጉማለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ሦስት ጊዜ በቃላቸው ይወጡልኛል። ከዚያ እኔ በቃ ለማለት "ኻላስ" እላለሁ፣ እሳቸው ሰሌዳውን ያጥባሉ። መምህሩ ኻላስ ሳይል አይታጠብም።

የምሳ ሰዓት የትምህርት ሰዓታችን ሆነ። ባለቤታቸው የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይልኩልናል። እኔ የጤፍ ልጅ ባሚያውን መጀመሪያ ቀን ሳላኝከው ነው የዋጥኩት፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሳህኑን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ከላዩ ቀዝቃዛ የከርከዴ ሻይ እንጠጣለን፣ ከዚያ ሰሌዳው ይወጣል።

ልንገራችሁ፣ አስተማሪዋ እኔ ልሁን እንጂ የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ። "ፓኬት፤ ተቆራርጦ የሚላክ የመልእክት ቁራጭ" የሚለውን ከመጽሐፉ ሳነብላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። "ይሄማ ሥራዬ ነው። ረጅም ወሬ ኩርሙክ አይሰማም። እቆርጣለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቁጥር እሰጣለሁ። ሁለት ካልደረሰ 'ሁለት ድገም' ይላል።" እኔ በቃሌ ብቻ የያዝኩት ነገር ያን ቀን ገባኝ፤ እንደገባኝ ግን አልነገርኳቸውም። ኡስታዝ ነኛ።

አንድ ቀን ራውተርና ስዊች ላይ ደረስን። ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል፣ እኔም ቸኩያለሁ። "ራውተር በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች ያገናኛል፤ ስዊች አንዱን ኔትወርክ ከሌላው ኔትወርክ ያገናኛል" አልኳቸው። ገልብጬው ነበር። ጻፉትና ብዕሩን አስቀመጡ።

"ኩርሙክ እኔን አልሰማ ሲለኝ መሀል ላይ ያለውን የሆሞሻን ጣቢያ እለምናለሁ፤ ሆሞሻ ተቀብሎ ለኩርሙክ ይሰጣል። ታዲያ ሆሞሻ የትኛው ነው?"

"ስዊች ነዋ!" አልኩ፣ ቅንጣት ሳልጠራጠር።

ሰሌዳውን ትንሽ አዩት። ከዚያ ሦስቴ ሳይወጡት፣ እኔም ኻላስ ሳልል፣ ተነሥተው አጠቡት። ደክሟቸው ነው አልኩ።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እኔም ተፈታኝ ነኝና ብቻዬን ሳጠና ስህተቴን አየሁት። ወዲያው ብድግ ብዬ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ "ሆሞሻ፣ ሆሞሻ" እያሉ ይጣራሉ። እዚያው ቆሜ አሰብኩ፤ ሰውዬው እንጀራቸውን በእኔ እጅ ላይ አስቀምጠዋል፣ አሁን ገብቼ አሳስቼዎታለሁ ብላቸው ሌላውንስ ያምኑኛል? ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው፣ ላይመጣም ይችላል አልኩ። ሰው ለኩራቱ ሰበብ አያጣም። ተመለስኩ። በማግስቱም ምሳ አብረን በላን፤ ትንፍሽ አላልኩም።

የፈተናው ቀን የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ፈታኙ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ የተለወሰ ወጣት ነው፤ የጽሑፉን ሰብስቦ ለቃል ፈተናው ሁለት ሁለት ሆነን እንድንገባ አደረገ። እኔ ከጋሼ ኢድሪስ ጋር ገባሁ። ዝናቡን ለማሸነፍ እየጮኸ ነው የሚጠይቀው።

"አባት፣ የራውተርና የስዊች ልዩነት ምንድን ነው?"

ጋሼ ኢድሪስ ፈታኙን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ፈቃድ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልኩ።

"ስዊች የአንድ ግቢ ሰው ያገናኛል" አሉ። "ራውተር ሆሞሻ ነው።"

"ሆሞሻ?"

የኩርሙክን ነገር አስረዱት። ፈታኙ ሳቀ፣ "ከመጽሐፉ ይሻላል" ብሎ ጻፈ።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከግቢው ማንጎ ሥር አቆምኳቸው።

"ጋሼ፣ ያውቁት ነበር?"

"ያን ቀን አወቅሁ። ለዚህ ነው ሳልወጣው ያጠብኩት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ሎህ ላይ መምህር አይታረምም። ደግሞ ፈራሁ፤ ኡስታዝ አፍሮ ማስተማር ቢተውስ አልኩ። ራሱ ያገኘዋል ብዬ ጠበቅሁ።"

ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን አልቻልኩም። "አግኝቼው ነበር" አልኳቸው። "ከትናንት በስቲያ።"

ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ታዲያ ትናንት? ገንፎ አብረን ስንበላ?"

"አፈርኩ።"

ትተውኝ ሄዱ። በቃ፣ ተቀየሙኝ ብዬ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይተው ሰሌዳውንና ቀለሙን ይዘው ከሬዲዮ ክፍሉ ወጡ፣ ሸምበቆውን እጄ ላይ አኖሩት።

"ጻፍ።"

በሸምበቆ ጽፌ አላውቅም፤ ፊደሌ የዶሮ ጭረት ሆነ። ስዊች ምን እንደሆነ፣ ራውተር ምን እንደሆነ፣ ትክክለኛውን ጻፍኩ። ከዚያ ሰሌዳውን ወደ ራሳቸው አዙረው ይዘው በቃሌ አስወጡኝ። በሁለተኛው ላይ ስለተደናቀፍኩ ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። ሦስት ሲሞላ ከጀሪካኑ ውሃ አቀረቡልኝ።

"ኻላስ። እጠብ።"

ሁለታችንም አለፍን። ጋሼ ኢድሪስ ጡረታ እስኪወጡ በኔትወርክ ክፍሉ ሠሩ፤ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ኮምፒውተሩን "ሁለት ድገም" እያሉ ይቆጡት ነበር። እስከ መጨረሻው ኡስታዝ እንዳሉኝ ነው። አሁን በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ያን ቀን ቢቀየሙኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር፤ በጣም እወዳቸው ነበር።

"እማዬ!" አለች ሀና። "ተኛሽ እንዴ? ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም?"

ራሴን ልነቀንቅ ስል ያዝኩት።

"አላውቅም" አልኳት። "ራውተሯን አውቃታለሁ። ሌላውን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሳላውቅ ነው የነቀነቅኩልሽ።"

አፏን ከፍታ አየችኝ። "እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው የማልፈው!"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

ተነሥቼ ማንጎ ያጣበቀውን እጄን ታጠብኩና ወንበሬን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋሁ።

"በይ፣ ከመጀመሪያው አስረጂኝ።"