የቀለም ቀቢው ነጭ ምሳ

ዝናብ ሲገባ ቀለም ቀቢ ቤቱ ይገባል። እርጥብ ግድግዳ ቀለም አይዝም፤ አሠሪም ሰማዩን እያየ «እስኪያባራ እንቆይ» ይላል። እናም ይህ ሰውዬ፣ በደህናው ጊዜ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ አላፊ አግዳሚውን ቁልቁል ሲያይ የሚውለው ኩሩ ባለሙያ፣ ዘንድሮም እንደ አምናው ብሩሾቹን አጥቦ ሰቀለና ሽርጥ ታጠቀ። ሽርጡ የሚስቱ ነው። አበባ አበባ አለበት። ጥሎበት ያምርበታል ብላ ሚስቱ ብትምልም ጎረቤቶቹ እስካሁን ድምፅ አልሰጡም።

ሚስቱ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ሰፊ ናት። ክረምትም ይሁን በጋ ሰው ራቁቱን አይሄድምና የሷ ሥራ አይቆምም፤ እንዲያውም አንዳንድ እሁድ ትርፍ ሰዓት ትገባለች። ጠዋት ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ልጆቹን አብላቸው፣ እሺ?» ትለዋለች። «ምን ችግር አለው!» ይላታል። ምን ችግር እንዳለው እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል።

ችግሩ ሦስት ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ «ጌታው» ይሉታል። ሲወለድ አያቱ በፍቅር ያወጡለት ስም ነበር፤ ልጁ ግን ከልቡ አምኖበት ቁጭ አለ። ጌታው ነጭ ያልሆነ ነገር አይበላም። ሩዝ ይበላል፣ ወተት ይጠጣል፣ የዳቦ ሆድ ይበላል፤ ቅርፊቱ ቡናማ ነውና ለእህቱ ይወረውርላታል። የእንቁላል ነጩን እሺ ይላል፣ አስኳሉ ጫፉን ከነካው ግን ሳህኑን ገፍቶ አፉን ግጥም ያደርጋል። አንድ ቀን ካሮት ቢያቀርቡለት የለቀቀውን ጩኸት ሰምታ የታችኛዋ ጎረቤት «ምን ሆነ? ወደቀ እንዴ?» ብላ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጥታለች። «ካሮት አይቶ ነው» ሲሏት ምን እንደምትል ግራ ገብቷት ተመለሰች።

እህቱ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የምትሰጧትን ሁሉ ትበላለች፣ እግዜር ይስጣት። የሷ ጣጣ ሌላ ነው። ስሟ «ሬዲዮ» ነው። ቤት ውስጥ ያየችውንና የሰማችውን ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ታሰራጫለች፤ መዝጊያ ቁልፍም የላትም።

አባትየው በመጀመሪያ ነገሩን የእልህ ጉዳይ አደረገው። «እኔ አባቱ ነኝ ወይስ እሱ አባቴ ነው?» ብሎ ፎከረ። ፎክሮ ሲያበቃ ለመነ። ለምኖ ሲያበቃ ያንን አበባማ ሽርጥ እንደታጠቀ ማንኪያውን አውሮፕላን አድርጎ ክፍሉን እየዞረ አበረረ። ጌታው ትርኢቱን በጥሞና ተመልክቶ፣ አጨብጭቦ፣ አፉን ዘጋ።

በኋላ ነው ሙያው የታወሰው። ለመሆኑ ነጭ ማለት ምንድነው? ቀለም ቤት ሄዳችሁ «ነጭ ስጡኝ» ብትሉ ሻጩ ይስቅባችኋል፤ ወተት የሚመስል አለ፣ ኖራ የሚመስል አለ፣ ነጭ ነኝ እያለ ወደ ግራጫ የሚሸሽ አለ። ደግሞስ ነጭ ቀለም ያልሸፈነው ምን ጉድ አለ? ይህ ሰው ስንት የተሰነጠቀ ግድግዳ በነጭ ሸፍኖ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ አዲስ ቤት!» ብሎ አስረክቧል። እና አንድ ጭልፋ የዶሮ ሥጋ ድንች ውስጥ መቅበር ያቅተዋል? አላቃተውም። የዶሮ ደረት ቀቅሎ፣ አድቅቆ፣ ከድንች ጋር ደቁሶ፣ በወተት አለሰለሰው። ጌታው በላ። በማግስቱ አበባ ጎመን ቀበረ፤ በላ። አባትየው ደስታው ወሰን አጣ። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት ሕንፃ የሠራ እንጂ ድንች የደቆሰ አይመስልም ነበር።

ብቻ ዘገየ። ልጁ ከዚያ በፊት ከስቶ ነበር፣ መክሳቱንም ያዩ ዓይኖች ነበሩ።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ እሁድ እሁድ ይመጣሉ። ገና ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ጌታውን ከመሬት ብድግ አድርገው በእጃቸው ይመዝኑታል። የሳቸው እጅ ሚዛን ነው፤ ይግባኝ የለውም። ባለፈው እሁድ መዝነው መዝነው አስቀመጡትና ሽርጡን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ከዚያ ባለሽርጡን አዩት።

«ይሄ ልጅ እኮ ቀለለ።»

«እማማ፣ አሁን እየበላ ነው። ዘዴ አግኝቼለታለሁ።»

«ዘዴ?» አሉ፤ ቃሉን የተናገሩት ትል ያለበት ፍሬ ነክሰው እንደሚተፉ ነው። «በሚመጣው እሁድ እመጣለሁ። ፊቴ ቁጭ ብሎ ጠግቦ ከበላ፣ እሰየው። ካልበላ ይዤው እሄዳለሁ። ትምህርት ቤት እስኪገባ እኔ ዘንድ ያድግ።»

እሱ ሚስቱን አያት። ሚስቱ መሬት መሬቱን አየች። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የተነፈሰችው። «እማዬ እውነቷን ቢሆንስ? ጎኑ እኮ ይቆጠራል» አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ድካም ብቻ ነው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ፎቅ ላይ በገመድ ሲንጠለጠል የማይፈራው ሰው ያን ቀን ፈራ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ልጁ እየሮጠ መጥቶ ደረቱ ላይ ነው የሚለጠፈው። ያ ልጅ ሌላ ቤት ተኝቶ ዝናቡን ብቻውን ሊሰማ ነው፤ ይህን ማሰቡ ብቻ እንባውን አመጣው።

እሁድ ደረሰ። ሚስቱ ሥራ ገባች። እሱም ወጥ ቤት ገባ።

ያን ቀን መሰሰት የለም። ልጁ ሥጋ ያውጣ ብሎ በወተቱ ፋንታ የዶሮውን መረቅ ጨመረ፣ ቅቤ ጨመረ፣ «ማን ያያል» ብሎ አስኳልም ጠብ አደረገ። ወጥ ቤቱ መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለች ነጭ አምፖል ናት ያለችው። ድስቱን ከአምፖሏ ሥር ይዞ አየ። ነጭ! ወተት የመሰለ ነጭ! በራሱ ኮራ።

ቀለም በአምፖል አይመረጥም። ይህን ለደንበኞቹ ስንት ዘመን ጮሆባቸዋል፦ «ደጅ ውጡና በፀሐይ እዩት! አምፖል ውሸታም ነው! በኋላ እኔን እንዳትወቅሱ!» ከተማው ውስጥ ይህን የማያውቅ ቀለም ቀቢ ቢገኝ መሰላሉን ይቀሙት ነበር። ታዲያ ሰውዬው ሽርጥ ሲታጠቅ ሙያውን አብሮ አውልቆት ነው መሰል፣ ድስቱን በአምፖል መርቆ ወደ ሳሎን ይዞት ወጣ። ሳሎኑም ቢሆን ጨለማ ነው፤ ልጁ ደጅ የሚጫወቱትን ልጆች እያየ እንዳይዘናጋ መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። ሁሉን አስቦበታል፣ ብልህ ነው እኮ።

አማቱ ደረሱ። ጃንጥላቸውን በሩ ሥር አቆሙ፣ ልጁን መዘኑና ተቀመጡ።

«እማማ፣» አለች ሬዲዮ፣ እግራቸው ሥር ደርሳ፣ «አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ጌታውን እየለመነው ነው። ከበላህ ብስክሌት እገዛልሃለሁ ብሎታል። የምን ብስክሌት ነው ስለው ዝም በይ አለኝ።»

«ዝም በይ» አላት አባቷ።

«ይኸው እንደዚህ» አለች።

ጌታው ወንበሩ ላይ ተሰየመ። ሳህኑ ቀረበለት። ማንኪያው ተነሣ። ልጁ ሳህኑን አየና አፉን ሊከፍት ከንፈሩን ሲያላቅቅ፣ አማቱ፣ «ይሄ ቤት ደግሞ ምነው ጨለመ? ሰው ሞቷል እንዴ?» ብለው ተነሡና መጋረጃውን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ሳምንቱን ሙሉ ዶፍ ሲያወርድ የከረመው ሰማይ፣ ለዚህች ደቂቃ ይሆናል ብሎ አስቀምጦት የነበረ ይመስል፣ ፀሐይ አወጣ። ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሳህኑ ላይ ያለው ድንች ቢጫ ነው። ትንሽ ቢጫ አይደለም፤ ለጋ ቅቤ ነው የሚመስለው።

«ቢጫ!» አለ ጌታው። አፉን ዘጋ፣ ሳህኑን ገፋ፣ ከወንበሩ ወረደ።

አባትየው ማንኪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሊናደድ ፈለገ፣ የሚናደድበት ሰው አጣ። ፀሐይን አይሰድብ። ቀለም ቀቢ ሆኖ በቀለም ተሸነፈ፤ ይህን ለማን ያወራል?

«ልብሱን አምጣልኝ» አሉ አማቱ። አልተቆጡም።

«እማማ፣ እባክዎ፤ በወተት ልሥራለትና…»

«አንተ ልጅ፣ አልሰማህም? ልብሱን አምጣ።»

ሄደ። መኝታ ቤት ገብቶ የልጁን ልብሶች ከቁም ሣጥኑ አወጣ። አንዱን ሹራብ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው፣ ደግሞ አጠፈው። ኋላ ግን ከሳሎን የማንኪያ ድምፅ ሰማ፤ ሳህን የሚያንኳኳ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል። ልብሱን አልጋው ላይ ጥሎ ወጣ።

አማቱ የጌታውን ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው እየበሉ ነው። «ምግብ ሲደፋ አልወድም» አሉት፣ ሳይጠይቃቸው፣ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ። ጌታው ጉልበታቸውን ተደግፎ አፍ አፋቸውን ያያል። ማንም «ብላ» አላለውም፤ ማንም አውሮፕላን አላበረረለትም። የማንኪያውን መውጣትና መውረድ ሲከታተል ቆየና አፉን ከፈተ። እሳቸውም ልብ ሳይሉት አጎረሱት። ዋጠ።

«ጌታው ቢጫ በላ!» ብላ ሬዲዮ ቤቱን አናጋችው።

አማቱ ያኔ ነው የባነኑት። ፊታቸው በራ። «አየህ? አየህ አይደል? ከኔ እጅ ይበላል! እኔ ምን አልኩ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሲሰማ ሐሞቱ ፍስስ ይል ነበር። አሁን ግን ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነው። ሳህኑ ባዶ ነው፤ እሳቸው ግን የሳህኑን ዳር በማንኪያ እየፋቁ ነው። እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰዓታቸው ከእጃቸው አንጓ ተንሸራቶ ክርናቸው ሊደርስ ነው። ቀሚሳቸው ወገባቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ተሰብስቧል። በየእሁዱ ልጁን ሲመዝኑ ሁሉም ልጁን ነበር የሚያየው። መዛኟን ያየ የለም።

«እማማ፣ ጠዋት ምን በሉ?»

«ሻይ።»

«ትናንትስ?»

«ምን ያገባሃል? ፖሊስ ነህ?»

«እማማ ቤት እኮ» አለች ሬዲዮ፣ «ምድጃው ላይ የአበባ ማሰሮ ነው ያለው። አበባው ያምራል። ለምን እዚያ አስቀመጥሽው ስላት፣ እዚያ ማን ይነካዋል አለችኝ።»

አማቱ ሬዲዮን አፍጥጠው አዩዋት፤ ለማጥፋት ግን ጊዜው አልፏል። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ።

«ለአንድ ሰው ምን ይቀቀላል?» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ሽማግሌዬ ካረፈ ወዲህ ሞከርኩ እኮ። ትንሽ እሠራና ብቻዬን ስቀመጥ ጉሮሮዬ እምቢ ይለኛል። ልጁ ቢመጣ… ለእሱ እያልኩ እሳት አነዳለሁ ብዬ ነው።» አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ማልቀሳቸው እንዳይታይ ነው፤ ታየ።

ሰውዬው አዘነላቸው። እግረ መንገዱንም አንድ ነገር ታየው። ይህን ቃል ከአፉ ካወጣ አበቃ። ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ፣ ሽንኩርት እንዲህ አይከተፍም፣ ይሄ ምን ሽርጥ ነው፣ በየቀኑ፣ ዝናቡ እስኪወጣ። በገዛ እግሩ ሄዶ ወጥመድ ውስጥ መግባት ነው። ጤነኛ አማች እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም።

«ልጁ አይሄድም» አለ። «እርስዎ ይምጡ። በየቀኑ፣ ለምሳ።»

«እኔ ለማኝ ነኝ?»

«እማማ፣ ልጁ ከእርስዎ እጅ ካልሆነ አይበላም፤ ራስዎ አሁን አሉ። እኔ ምን ላድርግ? የሚያጎርሰው ሰው ቸግሮኝ ነው። ሥራ ነው የምሰጥዎት።»

ትኩር ብለው አዩት። ደግሞ ጌታውን አዩት፤ እሱ ባዶውን ሳህን በጣቱ እየጠረገ ይልሳል። አፍንጫቸውን ጠራረጉና ወገባቸውን ቀና አደረጉ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

«ነገ እጨምራለሁ።»

«ነገ እኔ ነኝ የምጨምረው። አንተ አትችልበትም።» ሳህኑን ዘረጉለት። «አለ?»

ድስቱን አምጥቶ የቀረውን ጨልፎ ሞላላቸው። እሳቸው ማንኪያቸውን አነሡ፣ ለጌታው አንድ አጎረሱ፣ ሁለተኛውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ መሃል ላይ ቆም አሉና ባዶውን ድስት፣ ከዚያም የቆመውን ሰው አዩ።

«አንተስ? በልተሃል?»

ዝናቡ ከገባ ወዲህ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«በልቻለሁ።»

«አልበላም!» አለች ሬዲዮ። «ትናንትም አልበላም። የኛን ትራፊ ነው ቆሞ የሚበላው።»

አማቱ ሳህኑን ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀመጡትና ወንበር ሳቡለት።

«ቁጭ በል» አሉት።

ቁጭ አለ።