ጣት ያረፈበት መስታወት

እህቴ የቆሸሸ መነጽር አይታ ማለፍ አትችልም። ይሄን ከመጀመሪያው ብናገረው ይሻላል፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ የተነሳ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ የማታውቀው ሰው መነጽሩ ላይ የጣት አሻራ ካለ መጀመሪያ ትቁነጠነጣለች፣ ቀጥሎ ትስላለች፣ በመጨረሻ «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ይስጡኝ» ብላ ከሰውየው አፍንጫ ላይ ታነሳዋለች። ሃ ብላ ትተነፍስበታለች፣ ከኪሷ በማትለየው ጨርቅ ትወለውለዋለች፣ መልሳ ታደርግለታለች። ሰውየው ዓይኑን እያርገበገበ ያመሰግናታል። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ የማላውቃት እመስላለሁ።

ሥራችን ነው። ትንሽ መነጽር ቤት አለን። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ፍሬም እሸጣለሁ፣ «ይሄ ፊቴን አሰፋው» ከምትል ደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። እህቴ፣ እትዬ ነው የምላት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሌንስ ትሞርዳለች። ማሽኑ ሲጮህ ይውላል፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ ከሌንሱ የሚወጣው ዱቄት ባልዲው ውስጥ እንደ ወተት ይነጣል። ማታ ቤት ስንገባ ሁለታችንም እየጮህን ነው የምናወራው፤ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል። አንዳንዴም ተጣልተን ነው።

እትዬ ድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት እናታችን ሞተች። አባታችን ቀድሞ ሄዷል፣ እኔ ደግሞ ገና አፍንጫዬን በእጅጌዬ የምጠርግ ልጅ ነበርኩ። እሷ ትምህርቷን አቋርጣ መነጽር ቤት ተቀጠረች፣ አሳደገችኝ፣ ኋላም ባለቤቱ ሲያረጅ ቤቱን ተረከብነው። ይሄን ነገር አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር። ሰው አንዳንዴ ተቆጥቶ «ለአንተ ስል እኮ ነው» ካላለህ ዕዳህን እንኳ የምትወጣበት በር አታገኝም።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲው ያቋረጡ ሰዎች ተመልሰው እንዲጨርሱ ፈቀደ ተባለ። እትዬ ለማንም ሳትናገር ሄዳ ጠየቀች። የጎደላት አንድ የሳይንስ ኮርስ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱን በዚህ ሴሚስተር ካለፈች ዲግሪዋን ታገኛለች። ከወደቀች ግን የድሮዎቹ ኮርሶች ጊዜያቸው ስላለፈ ሁሉም ይሰረዛሉ። ሁለተኛ ዕድል የለም። ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚሰጠው ደግሞ የሥነ ፈለክ መግቢያ ብቻ ነበር።

«ኮከብ ምን ሊረባሽ ነው?» አልኳት።

«ሰዓቱ ስለተመቸኝ ነው» አለች።

ይኸው ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰማይ ሰማይ ስታይ ያደገች ምናምን የሚባል ነገር የለም። እትዬ ቀና የምትለው ጣራው ሲያፈስ ብቻ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ልጆቿ የሚሆኑ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን «ማዘር» አሏት፣ በዚያው ቀረ። «ማዘር፣ እዚህ ነይ፣ ቦታ ይዘንልሻል» ይሏታል። መጀመሪያ ከፍቷት ነበር፣ በኋላ ግን ቦታ የሚይዝላት ሰው ማግኘቷን ወደደችው። መምህሩ ወጣት፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው አለችኝ።

«መነጽር ያደርጋል?» አልኳት።

«ያደርጋል። ቆሻሻ ነው።»

«እትዬ፣ እንዳትነኪው።»

«ማርኩ እስኪገባ እታገሠዋለሁ» አለች።

ኮርሱ እንደፈራችው አልከበዳትም፣ አናደዳት እንጂ። የኮከብ ድምቀት በቁጥር ሲሰጥ ደማቁ ትንሹን ቁጥር፣ ደብዛዛው ትልቁን ነው የሚያገኘው ሲሏት እራት ላይ ከእኔ ጋር ተጣላች፣ ቁጥሩን እኔ ያወጣሁት ይመስል። ውሎ አድሮ ግን ነገሩ ገባት፣ ከዚያ ደግሞ ጭራሽ ጣማት። የምናየው የኮከብ ብርሃን ድሮ ተነስቶ ገና አሁን የደረሰ መሆኑን መነጽር ሊያስተካክሉ ለመጡ ሽማግሌ ስታስረዳ ሰማኋት። ሽማግሌው የመጡት ለብሎን ነበር።

ከማርኩ ግማሹ የሥዕል ሥራ ነው። ፀሐይ እንደገባች ከሕንጻው ጣራ ላይ ይወጡና በቴሌስኮፕ ጁፒተር የሚባለውን ፕላኔት ያያሉ። አጠገቡ እንደ ነጥብ የሚታዩ አራት ጨረቃዎች አሉት፣ ስለሚዞሩ ቦታቸው በየቀኑ ይቀያየራል። ተማሪው የዚያን ዕለት ያየውን ይስላል፤ አንድ ሥዕል የጎደለበት ደግሞ አያልፍም። ልጆቹ መላ አግኝተው ነበር። የጨረቃዎቹን ቦታ የሚያሳይ ነገር ስልካቸው ላይ ጭነው፣ በቴሌስኮፑ ለወጉ ብቅ ይሉና ከስልካቸው ይገለብጣሉ። እትዬ ግን ዓይኗን ጨፍና ከፍታ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ኋላዋ የቆመው እስኪሰለች ድረስ ነው የምታየው።

በመጨረሻው የሥዕል ቀን ቀድማ ደረሰች። መምህሩ ቴሌስኮፑን ተክሎ «መጣሁ» ብሎ ወደ ታች ወርዷል። ይሄ ቴሌስኮፕ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ወፍራም ቧንቧ ነው። አፉ አካባቢ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ ሰያፍ ሆና የተሰቀለች፣ ብርሃኑን ወደ ማያው ሌንስ የምትመልስ ትንሽ መስታወት አለች። እትዬ ጎንበስ ብላ አየች። መስታወቷ አቧራ ለብሳለች። መሐሏ ላይ ደግሞ የጣት አሻራ፣ ያውም የአውራ ጣት።

ሌላ ሰው ቢሆን «የራሳቸው ጉዳይ» ብሎ ያልፋል። የእኔ እህት እጇን ሰደደች። ሃ አለች፣ ጨርቋን አወጣች፣ ጥርግ አደረገችው። ስትጫን መስታወቷ የተሰቀለችበት ነገር ትንሽ ነቅነቅ አለ። እሷም በጣቷ መለስ አድርጋው እጇን አራግፋ ቆመች። እንዲያውም መምህሩን በጠቀምኩት እያለች ደስ ብሏት ነበር።

ልጆቹ መጥተው አንድ በአንድ ጎንበስ አሉ፣ «ቆንጆ ነው» አሉ፣ ከስልካቸው ገለበጡ። መምህሩ ስልክ ይዞት ጥግ ላይ ቆሟል። የእሷ ተራ ሲደርስ አየች። ጁፒተር እርጥብ ወረቀት ላይ እንደወደቀ ቀለም ተለጥጧል። ጨረቃዎቹ ጭራ አውጥተዋል። ያውም ሦስት ብቻ ናቸው፣ አራተኛው የለም። ክው አለች።

ያየችውን ሳለች፣ ጭራውንም ጭምር። ግን ለመምህሩ ሳትሰጥ ይዛው ቤት መጣች። ነገሩን ስትነግረኝ ቆሽቴ አረረ።

«ምን አስነካሽ? የአንቺ ነው?»

«አሻራ ነበረበት» አለች፣ ይሄ መልስ ይመስል።

«በይ አሁን የልጆቹን ገልብጪና ስጪ። ማን ያውቅብሻል?»

«የእነሱን አላየሁትማ።»

«እትዬ፣ ብትወድቂ ሁሉም ነገር ይሰረዛል። ለአንድ ጨረቃ ብለሽ?»

ሳህኑን አጠበች፣ ከዚያ የታጠበውን መልሳ አጠበች። እኔም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ሱቁን ዘግተን መምህሩ ቢሮ ሄድን። እኔን ለምን እንዳስከተለችኝ አልነገረችኝም፣ ግን በመንገድ ላይ ክንዴን ይዛ ስለነበር ገብቶኛል። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ የልጆቹን ሥዕሎች ደርድሯል። መነጽሩ እውነቷን ነው፣ ቆሻሻ ነበር። ሥዕሏን ተቀብሎ ብዙ አየው።

«ጭራው ምንድነው?»

«እንደዚያ ነው ያየሁት። መስታወቷን እኔ ጠርጌያት ነበር።»

«በምን?»

ጨርቋን አወጣች። ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። ድምፁን አላነሳም፣ ግን ብስጭቱ ያስታውቅ ነበር። «የቤት መስታወት የሚያንጸባርቀው ብሩ ከኋላ ነው፣ ከፊት ብርጭቆ ይጠብቀዋል። ይሄኛው ግን ብሩ ፊቱ ላይ ነው። እንደ ትንፋሽ ስስ ነው፣ በምንም ይጫጫራል። አቧራውን የተውኩት ሰንፌ አይደለም። አቧራ አይጎዳም፤ ጨርቅ ነው የሚጎዳው።»

እትዬ ይሄን አታውቅም ነበር። ዕድሜዋን ከመስታወት ጋር ኖራ አለማወቋ ከስድብ በላይ አመማት፤ አንገቷ ድረስ ቀላች።

«ንብረት ያበላሸ ተማሪ ኮርሱን ይደግማል፣ ደንቡ እንደዚያ ነው» አለ።

«እሷ መድገም አትችልም» አልኩ። አፌን ያዝ ባደርግ ጥሩ ነበር፣ ግን አመለጠኝ። የድሮዎቹ ኮርሶች ምን እንደሚሆኑ ነገርኩት። ለምን እንዳቋረጠችም ልነግረው ስል እትዬ እግሬን ረገጠችኝ።

እሱ ወደ ሥዕሎቹ ተመለሰ። የእሷን መሐል ላይ አድርጎ የሌሎቹን ዙሪያውን ዘረጋቸው። ሁሉም አራት አራት ጨረቃ አላቸው፣ ጥርት ያሉ። «እዚህ ጋ ያለችው» አለ አንዷን ነጥብ በጣቱ እየነካ፣ «ፕላኔቱ አጠገብ ነበረች። ምስሉ እንዲህ ተለጥጦ ማንም ሊያያት አይችልም።» መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እና ይሄን ሁሉ ከየት አመጡት?»

እትዬ መሬት መሬት አየች። ሰው ማጋለጥ አትወድም። መልሱን ግን እሱ ራሱ ያውቀዋል።

ጣራው ላይ ወጣን። መምህሩ በትንንሽ ብሎኖች የመስታወቷን ሰያፍ እያስተካከለ፣ በቴሌስኮፑ ሩቅ ያለ የውሃ ታንከር እያየ፣ እንደገና እየፈታ እያጠበቀ ብዙ ለፋ። በመጨረሻ ቀና አለ።

«ጭረቱ ይኖራል፣ ግን ማየት አይከለክልም። ተስተካክሏል። ስለዚህ የተበላሸ ንብረት የለም። የዚያ ቀን ሥዕል ግን ለማንም አይያዝም። ሁሉም ይደግማል፣ ስልክ ኪስ ገብቶ። ማርክ ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ነው ያለኝ። ደመና ከሆነ ምንም ላደርግ አልችልም።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «እርስዎ ደግሞ እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው ነው የሚያዩት።»

የተባለው ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ዳመነ። እኔ ሱቅ በር ላይ ወጥቼ ስመለስ፣ ወጥቼ ስመለስ ዋልኩ። አንዲት ደንበኛ «ሰው ቀጥረሃል እንዴ?» አለችኝ። ማሽኑ ግን እንደወትሮው ይጮሃል፣ እትዬ አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ አላለችም። ፀሐይ ስትገባ ንፋስ ተነሳና ደመናውን ገፋው። አብሬያት ሄድኩ።

ልጆቹ አኩርፈዋል። «ማዘር፣ ጉድ ሠራሽን እኮ» አለ አንዱ፣ ግን ቦታ ለቀቀላት። ስልክ ስለሌለ ሁሉም የግዱን አየ። ቅድም ሲያጉረመርም የነበረው ልጅ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። «ቆይ፣ እውነት እዚያ አሉ እንዴ?» አለ። ኋላው ያለው ጎትቶ አወጣው።

እትዬ መጨረሻ ላይ ቀረበች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ እንደተቀጣ ተማሪ፣ አጎነበሰች። ብዙ ቆየች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ተጠጋሁ።

«ምነው? የሉም እንዴ?»

«አሉ። አራቱም አሉ።» ፊቷን አላነሳችም። «ያኔ ሳቋርጥ እኮ አላለቀስኩም ነበር» አለች።

ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቄው የነበረው ነገር ይሄው መጣ። ቁጣ ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው። ጀርባዋ ላይ የተጣመረውን እጇን ያዝኩት።

ቀና ስትል እንባዋ የምታይበት ሌንስ ላይ ፈሷል። አሁን ምንም አይታይም። እጇ ወደ ኪሷ ሄደ፣ ከዚያ ደንግጣ መልሳ ወደ ኋላ አደረገችው። «ይቅርታ፣ አቆሸሽኩት» አለች መምህሩን። «ይጥረጉልኝ።»

መምህሩ መጥቶ ሌንሱን ከነማቀፊያው ነቀለው። በመብራት አየው። ከዚያ ዘርግቶ ሰጣት።

«ይሄኛው ሌንስ ነው» አላት። «እርስዎ ይጥረጉት።»

እትዬ ጨርቋን አወጣች። ሃ አለችበት፣ ከመሐል ወደ ዳር እያዞረች ቀስ ብላ ጠረገችው፣ በመብራት አገላብጣ አየችው፣ መለሰችለት። ከዚያ እርሳሷን አንስታ አራቱን ነጥቦች ሳለች።