መንኮራኩር ለማየት ወደ ጎንደር

የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ደባርቅ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ፣ ገና ሃያዎቹን ስጀምር ነው። በከተማው ዘመድም ጓደኛም አልነበረኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋቢዬን ተከናንቤ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ጠፈር የሚሄዱ ሰዎችን ወሬ እወድ ነበር፤ ማን ወጣ፣ ምን ያህል ቆየ፣ እንዴት ወረደ፣ አንዱም አያመልጠኝም። አንድ ቀን በመምህራን ክፍል ነገሩን ባነሳው፣ «እኛ ጠመኔ አጥተናል፣ አንቺ ጠፈር ትያለሽ!» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላወራሁም።

አንድ ሰሞን ሶቪየቶች ጠፈርተኞች ሊያመጥቁ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ምሽትም በቴሌቪዥን እንደሚታይ ሰማሁ። ደባርቅ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሰው አላውቅም። ቅዳሜ ማለዳ ወደ አውቶቡሱ ልሄድ ስወጣ፣ ቤት ያከራዩኝ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል። አንድ ልጃቸው ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቶባቸዋል። ጎንደር ጦር ሰፈሩ ድረስ ሄደው ሊጠይቁ ነበር።

«አንቺስ ወዴት ነሽ?» አሉኝ።

«መንኮራኩር ሲነሳ ለማየት ነው፣ እማማ።»

«ከየት ነው የሚነሳው?»

«ከሩሲያ።»

«ታዲያ ጎንደር ምን ልትሠሪ?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

አውቶቡሱ ዳባት ላይ ጎማ ፈነዳበትና ጎንደር የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጦር ሰፈሩ በር ላይ የቆመው ወታደር፣ «ሲታወቅ ይነገርዎታል» ብሎ መለሳቸው። አንድ ሆቴል አልጋ ይዘን፣ ሲመሽ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ከኋላችን ሰዎች ቢሊያርድ ይጫወታሉ።

ጠፈርተኞቹ እጃቸውን እያውለበለቡ ደረጃውን ወጡ። ቀጥሎ ከሮኬቱ ሥር እሳት ወጣ፤ ጭሱ ሜዳውን ሞላው። ያ ሁሉ ብረት ቀስ ብሎ መሬቱን ሲለቅ ልቤ አብሮት ተነሣ። ሳላውቀው ቆሜ፣ «ሂድ! ሂድ!» እያልኩ ጮህኩ። ተጫዋቾቹ ዞር ብለው አዩኝና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። እንባዬ መጣ። እንደ እኔ ደስ ያለው አንድ ሰው አጠገቤ ቢኖር ምን ነበረበት?

እማማ ቀሚሴን ሳብ አድርገው አስቀመጡኝ። «እዚያ ላይ ሆነው ድምፃቸው ይሰማል?»

«ይሰማል እንጂ። በሬዲዮ ያወራሉ።»

«ከሰማይ?»

«አዎ፣ ከሰማይ።»

«የእኔው እዚህ ምድር ላይ ሆኖ ድምፁ ጠፋኝ» አሉ። በማግስቱ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እሳቸው በመስኮት ሲያዩ፣ እኔ ደስታዬን በውስጤ ይዤ ተቀመጥኩ።

ጠፈርተኞቹ ወደ ምድር የመመለሳቸው ዜና የተሰማ ቀን እማማ ግቢው ውስጥ ገብስ ያሰጡ ነበር። የሬዲዮውን ድምፅ ቀነስኩ፤ ዜናውን ልነግራቸው አልደፈርኩም። እሳቸው ግን ቀና ብለው በመስኮቱ አዩኝ።

«እነዚያ ልጆች ወረዱ?»

«ወረዱ፣ እማማ። በደህና።»

«እሰይ!» አሉ። «እሰይ፤ እናቶቻቸውን እንኳን ደስ ያላቸው።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ገብሱን በእጃቸው ይበትኑት ጀመር። ወጥቼ አብሬያቸው በተንኩ።