ሲኒማ ያስገቡኝ ቀን

ልጅ እያለሁ፣ ከደሴ በመጣሁ ሳምንት ሳይሞላኝ፣ ፒያሳ ሲኒማ ወሰዱኝ። የእኔ ዘመን ሰው የድሮ ሲኒማ ሲነሳ ፊቱ ይበራል። የእኔ ዛሬም ይጠቁራል።

ከእናቴ ጋር ያረፍነው ከአትክልት ተራ በላይ፣ አጎቴ ሰዒድ ቤት ነበር። ጠዋት ጠዋት የጎመንና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ እስከ መኝታችን ይመጣል። የሰፈሩ ልጆች አነጋገሬን እየቀዱ «ፋራ» ሲሉኝ የእናቴን ሻርፕ ተከናንቤ ደሴ የምንመለስበትን ቀን እጠብቃለሁ። እናቴ አንድም ቀን «አንቺ እዚህ ትቀሪያለሽ» አላለችኝም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሹሩባ ሠራችኝ፤ ከወትሮው አጠበቀችው። ከእኔ ከፍ የምትለው የአጎቴ ልጅ ዘሀራ «ዛሬ የህንድ ፊልም አሳይሻለሁ» አለችኝ። እናቴን «አንቺም ነይ» አልኳት።

«እናንተ እዩ፤ ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ። አብሽሪ» አለችኝ።

ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቀዩን ምንጣፍ ሳይ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። እኛ ቤት ምንጣፍ በጫማ አይረገጥማ! ትኬት ተቀባዩ ዘሀራን «መስጊድ ነው ብለሽ ነው እንዴ ያመጣሻት?» ብሎ ሰልፉን ሁሉ አሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጎንበስ ብላ ጫማዬን አጠለቀችልኝ። እንዲህ ደግ የሆነችበትን ምክንያት ምኑን ልጠርጥር!

አዳራሹ ቆሎና ሲጋራ ይሸት ነበር። ህንድኛ የሚያውቅ የለም፣ የማይተረጉምም የለም። ከኋላ አንዱ «አባቱን ሊገድለው ነው!» ሲል፣ ሌላው «ኧረ አጎቱ ነው!» ብሎ ያርመዋል። ታሪኩ ከእናቷ ስለተለየች ልጅ ነበር። እኔ ለማላውቃት ህንዳዊት ስንሰቀሰቅ ዘሀራም አብራኝ አለቀሰች። ፊልሙ ያስለቀሳት መስሎኝ እንባዋን በእጄ ጠረግኩላት።

ስንወጣ ለእናቴ የምነግራትን በሆዴ እየደረደርኩ እስከ ቤት ሮጥኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። ሻንጣዋ የለም፤ የእኔ ልብስ ብቻ ተጣጥፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። አጎቴ «ወደ ደሴ የሚመለስ የጭነት መኪና ተገኘላት። አንቺ እኛ ጋ ሆነሽ ትማሪያለሽ» አለኝ። ዞሬ ዘሀራን አየኋት፤ አንገቷን ደፋች። ለካ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። «ልጅ አይደለች? ትረሳዋለች» ተባባሉ።

አልረሳሁትም። ካደግኩ በኋላ እናቴን ስጠይቃት «ልቅሶሽን ብሰማ እግሬ አይነሳም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለእኔው ብላ አንጀቷን አስራ ነው የሄደችው። ተምሬም ሰው ሆኛለሁ። ግን አታለሉኝ፤ ይህን ማንም እንዲያስተባብልልኝ አልፈልግም።

ዛሬ ያ ሰፈር ፈርሶ ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል። ፋራ ስባል የነበርኩት ሴትዮ ደግሞ የአራዳ ልጅ ነኝ ብዬ ሰው ላይ እኮራለሁ። ባለፈው መስከረም ልጄን መዋዕለ ሕፃናት ሳስገባ አስተማሪዋ ጠጋ ብላ «በአሻንጉሊት ስትጫወት፣ ሳታይዎት ሹልክ ይበሉ። ሁሉም ወላጅ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለችኝ።

ልጄ ፊት ተንበርክኬ «እኔ አሁን ልሄድ ነው፤ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» አልኳት። ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ ጩኸቷን አቀለጠችው። አስተማሪዋ ገላመጠችኝ፤ ሌሎቹ ሕፃናትም አብረው ማልቀስ ጀመሩ። እጇን በግድ አላቅቄ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ዞር አልኩ፤ በመስኮት አፍጥጣ እያየችኝ ታለቅሳለች።

እኔ እናቴ ስትሄድ ጀርባዋን እንኳ አላየሁም።