ጨው የሌለው ባሕር

አባቴ ወጣትነቱን ያሳለፈው ምጽዋ ላይ፣ በባሕር ኃይል መርከብ ነው። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ባሕር ኃይሉ ተበትኖ፣ እሱም አዲስ አበባ የመጋዘን ጥበቃ ሆኖ ነበር። አሜሪካ፣ ዳላስ አጠገብ ያለችው ሜስኪት ከገባን በኋላ ደግሞ ኤርፖርት አጠገብ ባለ ፓርኪንግ ሚኒባስ ይነዳል፤ መኪናቸውን ያቆሙ መንገደኞችን ወደ ተርሚናል ያመላልሳል። ስለ ባሕር ስጠይቀው «ውሃ ነው» ይለኛል። ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

እኔ እዚያው ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። በእረፍት ሰዓቴ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ እየጻፍኩ፣ እየቀደድኩ፣ እንደገና እየጻፍኩ ነው የተማርኩት። የሚገርመው፣ ባሕር አይቼ ሳላውቅ ግጥሞቼ ሁሉ ስለ ባሕር ነበሩ። ከአዲስ አበባ ዳላስ፤ ሁለቱም መሀል አገር። ባሕሩ ያለበት ጋልቬስተን በመኪና አምስት ሰዓት ነው፤ በየክረምቱ እንሄዳለን እንላለን፤ የሁለታችን እረፍት ግን አይገጥምም።

አንድ ቀን አባቴ ደብተሬን ከሶፋው ላይ አንስቶ አነበበ።

«ማዕበሉ እንደ እናት እጅ ያባብላል?» ብሎ ሳቀ። «ማን ነው እንዲህ ያለህ? መትቶህ ያውቃል?»

ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። ነገሩ ግን ኩርፊያ ብቻ አልነበረም። እሱ አጠገቤ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ ባሕር ማየት ነበር የምፈልገው። እሱ እያየ እኔም ባይ፣ ያኔ የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ስታገባ ለሠርጉ አብረን ወደ አዲስ አበባ ሄድን። አምስተርዳም ላይ ዘጠኝ ሰዓት የሚያስጠብቀውን ትኬት ሆን ብዬ የገዛሁት እኔ ነኝ። በዊልቸር የወሰድኳቸው አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት ስለ አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር አጫውተውኝ ነበር፦ የእንጨት ቤቶች፣ ትንሽ ወደብ፣ ቡናማ ሸራ ያላቸው ጀልባዎች፣ ከከተማው በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት። ለአባቴ «አንድ ቦታ ላሳይህ ነው» ብቻ አልኩት።

ከአውቶቡስ ወርደን ጥቂት እንደተራመድን ቆም ብሎ አየሩን ሳበ።

«ምንድን ነው የምታሳየኝ?»

«ባሕር።»

«የት አለ?»

ጥጉን ስንዞር ወደቡ ወለል አለ። «ያውልህ!» አልኩት። አባቴ የድንጋዩን ደረጃ ወርዶ ሁለት ጣቶቹን ውሃው ውስጥ ነከረና ምላሱ ላይ አደረገ።

«ሐይቅ ነው» አለ። «ጨው የለውም።»

«አባዬ፣ ጀልባዎቹን እያቸው እንጂ! መልህቁን እየው!»

«ጀልባማ ጣናም ላይ አለ።»

አፍሬ በሱቆቹ አጠገብ መራሁት። የእንጨት ጫማ ይሸጣል፤ እባብ የመሰለ የተጨሰ ዓሣ ተሰቅሏል። አንዱ ፎቶ ቤት እንግዶችን የጥንት ዓሣ አጥማጅ ልብስ፣ ሰፊ ጥቁር ሱሪና ቆብ፣ እያለበሰ ፎቶ ያነሳል። ቢያንስ ይህቺን እንኳ ይዘን እንመለስ ብዬ ለመንኩት።

«እኔ የመርከበኛ ልብስ የለበስኩት ፎቶ ለመነሳት አይደለም» አለኝ።

ወደ አውቶቡሱ ልንመለስ ስንል፣ ሙዚየም ከተደረገች አንዲት ጠባብ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ሽማግሌ መረብ ሲጠግኑ አየን። ቀረብ ብዬ በእንግሊዝኛ፣ ይህ ባሕር ነው ወይስ ሐይቅ አልኳቸው።

«ባሕር ነበረ» አሉ። ልጅ ሳሉ ነው ከሩቅ በግድብ የተዘጋው። ጎርፉ ሰውም ቤትም ይበላ ስለነበር መዘጋቱ ግድ ነበር አሉ። ከዚያ ጨው ቀስ በቀስ ከውሃው ወጣ፤ የባሕሩም ዓሣ አለቀ፤ ዓሣ አጥማጅ የነበሩት አባታቸውም ሥራ ፈቱ። ለአባቴ ተረጎምኩለት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

«አባታቸው ከዚያ ወዲያ ምን ሠሩ? ጠይቃቸው።»

«ፋብሪካ ገባ» አሉ ሽማግሌው። «ግን እስኪሞት ድረስ፣ ጠዋት ከደጅ ወጥቶ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ሳያይ ቁርስ አይቀምስም ነበር።»

ይህንንም ተረጎምኩ። አባቴም፣ «እኔስ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ የምገተረው ለምን መስሎሃል?» አለኝ።

መኪናችን አለመሰረቋን ሊያረጋግጥ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌው ምን እንደገባቸው እንጃ፣ የእንጨት መርፌያቸውን አቀበሉት። አባቴ የተቀደደውን ቦታ በጣቱ ለካና ቋጠረ። ሽማግሌው ቋጠሮውን ሳብ ሳብ አድርገው ፈተኑት። ሌላም ቀዳዳ አሳዩት። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። አባቴን እንደዚያ ጎንበስ ብሎ፣ እጁ ከዓይኑ ቀድሞ ሲሠራ፣ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

ተሰናብተናቸው ፌርማታው ላይ ተቀመጥን።

«ደብተርህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ጻፍ እንግዲህ። ምጽዋ ላይ መጀመሪያ የሚቀበልህ ሙቀቱ ነው። ጨው ፊትህ ላይ ይደርቃል፤ ስትስቅ ይሰነጠቅብሃል። ከወደብ ስትወጣ ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ቆይቶ ይጠቁራል። አትቸኩል፣ በደንብ ጻፍ። መሬቷ እያነሰች ስትሄድ ወሬኛ የነበረው ሁሉ ዝም ይላል። ማንም እንዲታይበት አይፈልግም እንጂ ሁሉም ዞሮ ወደ ኋላ ያያል። ከዚያ መሬቷ ስትጠፋ…»

እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ጠበቅሁት። እሱ ጨው ወደሌለው ውሃ ያያል።

«ስትጠፋስ፣ አባዬ?»

«አውቶቡሱ መጣ። ተነስ።»

አውሮፕላኑ ውስጥ የቀረውን ልጠይቀው ዞር ስል ዓይኑን ጨፍኗል። ይተኛ አይተኛ አላውቅም። የደብተሬ ገጽ እስከ ዛሬ «መሬቷ ስትጠፋ» ላይ ቆሟል። ከሥሩ አንዲት መስመር ልጨምር ስንቴ ተቀምጫለሁ፤ የሚመጣልኝ ሁሉ የእኔ ቃል ነው፣ የእሱ አይደለም።